ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር

የፕላስቲክ ጆግ ሲያዩት ተራ ዕቃ ነው። ሠሪዎቹን ግን ይጠይቋቸው! ሆዱና እጀታው በኮምፒዩተር ላይ ለየብቻ ተሥለው፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተጋጥመው አንድ አካል ካልሆኑ ፋብሪካው አይቀበለውም።

ጆጉ በሚነደፍበት ቢሮ ሆዱን የምትሥለው አንዲት ወጣት ነበረች። ሁሉ ነገሯ በልክ ስለሆነ ባልደረቦቿ «ሚሊሜትር» ይሏታል። እጀታውን የሚሥለው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው ረጅሙ ወጣት ነው። እሱን «ሎጋው» ይሉታል።

ሦስት ወር ሙሉ ሆዱንና እጀታውን ለማጋጠም በሞከረች ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ብቅ ይላል፤ ክፍተት አለ ማለት ነው። ይኼኔ ስትጠራው ሎጋው ወንበሩን እየገፋ ይመጣና አጠገቧ ይቀመጣል። ክፍተቱን ሲፈልጉ ረፋዱ ያልቃል። እሱ ይቀልዳል፣ እሷ ትስቃለች፤ ክንዳቸው ሲነካካ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ያፈጣሉ። ደስ ይላት ነበር፤ ምን ይደበቃል!

ቤቷ ስትገባ ግን እንባዋ ይመጣል። «እማዬ፣ ሥራው እየከዳኝ ነው መሰለኝ» ትላለች።

አንድ ሰኞ አለቃቸው ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።

«ምን ነካሽ የኔ ልጅ? ዛሬም ካልገጠመ ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

ክው አለች። ጋሼ ሲሄዱ የሦስቱን ወር አሥራ አንድ ፋይሎች ከፍታ ክፍተቶቹን መለካት ጀመረች። አንዱ ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር፣ ከፀጉር የቀጠነ። ሌላውም። አሥራ አንዱም! ሁሌ ግራ ጥግ ላይ፣ ሁሌ በእጀታው በኩል። ስህተት እንዲህ ልክ አያውቅም።

«ና እስቲ» አለችው ሎጋውን። መጥቶ ቁጥሮቹን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ሆን ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ካልተበላሸ አትጠሪኝማ!»

ሳቋ መጣ፤ ንዴቷ ግን ቀደመው። «እኔ እኮ ችሎታዬ የጠፋ መስሎኝ ሳለቅስ ነው የከረምኩት!»

ሎጋው ይህን አላሰበውም ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀጥ ብሎ ጋሼ ቢሮ ገባ፤ በሩን ስላልዘጋው ድምፁ ተሰማ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ አንድም ቀን አልተሳሳተችም።»

ጋሼ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ፤ በነጋታው ሎጋውን ከነወንበሩ ወደ ላይኛው ፎቅ አዛወሩት።

ከዚያ በኋላ የሚላክላት እጀታ ሁሉ በመጀመሪያው ሙከራ ልክክ ይል ጀመር። ጋሼም አመሰገኗት። ሥራዋ ቶሎ ያልቅና ከመስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ስታይ ትውላለች። ሁለት ሳምንት ተናደደች፤ በሦስተኛው ናፈቃት። ልትደውልለት ስልኳን ታነሳና መልሳ ታስቀምጣለች። ኩራት ክፉ ነው።

አዲስ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሥራ ሲመጣ ጋሼ «ለሎጋው ቅጣት ይሁነው፣ ሆዱንና እጀታውን የሚያጋጥመው እሱ ነው» አሉ። ሆዱን ሥላ ስትጨርስ ግራ ጥጉን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ማውሷን ያዘችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቃ ተሳሳተች። ላከችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ሎጋው ወንበሩን ተሸክሞ እያለከለከ ወረደ።

«ክፍተት አለው» አላት።

«ስንት?»

«ሦስት መቶኛ። ግን... በአንቺ በኩል ነው።»

«አውቃለሁ።»

ተያዩ። ቀስ በቀስ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷም ሳቋን መያዝ አቅቷት ቦታ ለቀቀችለት።

«ቁጭ በል» አለችው። «ይኼን አብረን እንዝጋው። ከዛሬ በኋላ ሳይበላሽም እጠራሃለሁ።»