አልከስም ያሉ ቁጥሮች

ሮዳስ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእጮኛዋን ደብተር ባትገልጥ ኖሮ በሰላም ትሞሸር ነበር።

እጮኛዋ አለምነህ፣ አንኮበር ከእናቱ ቤት በላይ ያለውን የተሰነጠቀ ተዳፋት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ለክቷል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክሎ መካከላቸውን በሜትር ይለካል። ደብረ ብርሃን ሒሳብ የምታስተምረው ሮዳስ ደግሞ ልኬቱን ፎሪየር በሚባለው ስሌት ወደ ዘገምተኛና ፈጣን ሞገዶች ትበትነዋለች፤ የየቀኑን ልኬት በሞገዱ ዋጋ ታባዛለች፣ ትደምራለች፣ ለቀኑ ብዛት ታካፍላለች። የሚወጣው ቁጥር የሞገዱን ድርሻ ይነግራታል። መሬቱ በክረምት አብጦ በበጋ የሚኮማተር ብቻ ከሆነ ኩርባው ለስላሳ ነው፤ የፈጣኖቹ ሞገዶች ቁጥር ወዲያው ወደ ዜሮ ይከስማል። ድንገት የሚዘል መሬት ከሆነ ግን ቁጥሮቹ እንቢ ይላሉ።

ከስመው ነበር። «ቤቱ ደህና ነው» ያለችው ራሷ ናት፤ ዳሱም እዚያው እንዲጣል ተወሰነ።

ደብተሩ ላይ ግን የተሰረዙ ልኬቶች አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልኬቱ ድንገት የሰፋ ቀን በግ ታክኮት ነው እያልኩ እሰርዘውና ችካሉን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አሥራ አንድ።» አቀረቀረ። «ቁጥሮቹ ሲከስሙልሽ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አታውቂም።»

እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ነግሯት አያውቅም። እንዲህም አስፈርቷት አያውቅም።

የተሰረዙትን መልሳ አስገብታ አሰላች። ሃያኛው ሞገድ አልከሰመም። አርባኛውም። ውጭ ያለ ጊዜው የመጣ የጥቅምት ዝናብ ይጥላል።

በማግስቱ አንኮበር ሲደርሱ እናቱ ወይዘሮ በሰለች የሠርጉን ብቅል ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ዛሬውኑ ይውጡ። መሬቱ ሊናድ ነው።»

«በወረቀት ከቤቴ አልወጣም።»

«እንግዲያው እኔም አልዳርም።» ቀለበቷን አውልቃ ሰፌዱ ላይ አኖረችው። አለምነህን ቀና ብላ አላየችውም፤ ብታየው ሐሳቧን ትለውጥ ነበር።

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አጣፉ። «ሟርተኛ ኖሯል ያመጣህልኝ» አሉ ልጃቸውን። «ተነሥ፣ ጎረቤላ ከተማ ያለው ወንድሜ ዘንድ አድርሰኝ። የሠርጉን መቅረት ከሰው አፍ አይስማ።»

ሦስቱም በዝናብ ወጡ። ጎረቤላ ሊደርሱ ሲሉ ከኋላቸው መሬቱ አጉረመረመ። ሲዞሩ ቤቱ የለም፤ በቦታው ጭቃ ቁልቁል ይወርዳል።

አለምነህ የሮዳስን እጅ ያዘ። አልከለከለችውም፤ ትወደዋለችና።

ወይዘሮ በሰለች ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ ወደ ሮዳስ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዳሱን የት እንጣለው? ለክተሽ የምትዪው ቦታ ይሁን።»