ለእማማ ዘይቱና የተሠራ መቀመጫ

ከተማው ከፀሐይ የሚከልለውን የጨርቅ ጥላ መዘርጋት ሲጀምር ነጂብ የሞተሩን የኋላ መቀመጫ ፈትቶ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ድሬዳዋ ላይ ቀትር ሲሆን ጥላው ከከዚራ ዛፎች አናት ይነሳና እንደ ድንኳን እየተጎተተ እስከ መጋላ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይተኛል፤ ሰዉ «ሳጥን» የሚላቸው ሹፌር አልባ መኪናዎች ብቻ ድምፅ ሳያሰሙ ይመላለሳሉ። ነጂብ ግን አልተኛም። ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ ከአንድ የዛገ ብሎን ጋር ይታገላል።

«ውጣ አቦ! ምን አደረግኩህ?» ይለዋል ብሎኑን።

ሞተሩ ጥንተ መሳይ ነው። ጥንተ መሳይ የሚሉት ውስጡ የዘመኑ፣ ላዩ የአያቶች ዘመን የሆነ ሞተር ሳይክል ነው፤ ክብ መብራት አለው፣ ነዳጅ የማይገባበት ታንከር አለው፣ ጭስ የማያወጣ ማርሚታ አለው። ዱግ ዱግ የሚለው ድምፁ እንኳ የተቀዳ ነው። ሰው ይስቅበታል። ባለቤቶቹ ግን ደንታም የላቸውም፤ በዚህ ሁሉ ከተማ ሰው በገዛ እጁ መሪ ጨብጦ የሚነዳው ነገር ይኸው ብቻ ነዋ የቀረው! ሲሸጥም «እጅህ ያዘዋል፣ እሱ ይሄዳል» ተብሎ ነበር የተሸጠው። ነጂብና ጓደኛው ሙኒር በጎረምሳነታቸው ያበዱት ለዚህችው ለእጅ ነገር ነበር።

ሙኒር ሞቷል። ከሐረር ሲመለሱ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ፣ ከዚሁ ሞተር ኋላ ተወርውሮ ገደል ገብቶ ሞተ። አንድ ጥምዝ ላይ የዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ከታች ደግሞ ጭነት የያዘ ሳጥን ሽቅብ ይመጣል። ነጂብ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። ሙኒር ገደል ገባ፤ እሱ ትከሻው ተሰብሮ ተረፈ። ወደ ቀኝ ጠምዝዞት ቢሆን ኖሮስ? ይህቺ ጥያቄ ሰባት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሳችው። ሞተሩን አስጠግኖ፣ ሸራ አልብሶ ግቢው ጥግ አቆመው። መሸጡም አላስችል አለው፣ መንዳቱም።

የሙኒር እናት እማማ ዘይቱና መጀመሪያ ላይ የነጂብ ስም ሲነሳ ይራገሙ ነበር። ማን ይፈርድባቸዋል? አንድ ልጃቸው ነው። ከዓመታት በኋላ ነጂብ ሽማግሌ ላከ፤ ድንጋይ ተሸክሞም በራቸው ላይ ተደፋ። እርሳቸው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከጫንቃው አወረዱለት። «አፉ ብያለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ይሄዳል። ቧንቧ ሲያፈስ ይጠግናል፣ መድኃኒት ሲያልቅ ያመጣል፣ ምሳ አብሯቸው ይበላል። አንዳንዴ ተሳስተው «ሙኒር» ብለው ይጠሩታል፤ እሱም «አቤት» ይላል።

ባለፈው ጁምዓ ታዲያ ምሳውን በልተው ሲያበቁ ድንገት «ልጄ የወደቀበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ» አሉት።

«በሳጥን እወስድዎታለሁ፣ እማማ። ነገ እንሂድ ካሉም ነገ።»

«በሳጥን አይደለም። በዚያ ሞተር ነው። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ እሱ በተቀመጠበት እቀመጣለሁ።»

«ኧረ እማማ፣ ወገብዎ…»

«ወገቤን ለኔ ተወው! አንተን አፉ ብያለሁ፤ ያንን ብረት ግን ገና ነኝ። ተቀምጬበት ይውጣልኝ።»

ነጂብ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ አለቀሰ። ከኋላው ሊቀመጡ ነው። ልጃቸውን የገደለውን እጅ ሊያምኑት ነው። ሽማግሌ ፊት የተባለው አፉታ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ለሱ ምንም አልነበረም። እናም ሸራውን ገፎ ሥራ ጀመረ።

ሞተሩ የጎረምሳ ሞተር ነው፤ ለአሮጊት ወገብ አልተሠራም። ያችን ጠባብ የኋላ መቀመጫ አውጥቶ ጣለና መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ሰፊ መቀመጫ አበጀ። ውስጡን የሞላው በተማሪ ስፖንጅ ነው፤ ይህ ስፖንጅ የተቀመጠበትን ሰው አካል እየተማረ፣ የሚያመውን ቦታ እያወቀ ራሱን ያለሰልሳል። ጉልበታቸው እንደ ልብ ስለማይታጠፍ የእግር መርገጫውን ዝቅ አደረገው። የኋላውን ደረቅ ሞላ በለስላሳ ለወጠው። ለቁልቁለቱ ብሎ ፍሬኑን ከከባድ ሳጥን በወጣ ፍሬን ተካው፤ ዳገቱ ላይ ሁለት ሰው ይዞ እንዳያቃስትም ጉልበቱን ከፍ አደረገው። የቀረው መሪው ነበር። ዝቅ ያለ ስለሆነ ነጂውን ያጎብጠዋል፤ ነጂው ከጎበጠ ደግሞ እማማ ዘይቱና የሚይዙት ጀርባ አይኖርም። ነጂብ ከመሪው ሥር ሁለት ወፍራም ብረት አስገብቶ ከፍ አደረገው።

በማግስቱ ጠዋት ሊሞክረው ወጣ። መጀመሪያ በእግረኛ ፍጥነት ነዳው። የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር ግን ደረቱ ተከፈተ፤ ሳቢያን ደርሶ ሲመለስ እያፏጨ ነበር። እንዴት ያለ ሞተር ወጣው! ጉድጓድ ሲገባ አያስታውቅ፣ ጥምዝ ላይ ሲተኛ እንደ ቅቤ። ሙኒር ቢያይ «ይሄማ ሶፋ ነው እንጂ ሞተር ነው?» ብሎ ይስቅበት ነበር።

ግቢው ገብቶ ሞተሩን ሲያቆም ከመሪው ሥር አንድ ገመድ ተንጠልጥሎ አየ። ጫፉ የትም አልተሰካም። ነገሩ ወዲያው ትዝ አለው፤ መሪው ከፍ ሲል ገመዱ አጥሮት ነቅሎት ነበር፤ ትላንት አስረዝሞ ሊሰካው አስቦ ረስቶታል። የመሪው ገመድ ነው፤ መሪው ከፊት ጎማው ጋር የሚገናኘው በሱ ብቻ ነው። እጁ ሞተሩን የሚያዝበት ብቸኛው መንገድ እሱ ነው። ነጂብ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና «ቆይ፣ ቆይ» አለ። ያለ ገመድ እንዴት ሳቢያን ደርሶ መጣ?

ሞተሩን እንደገና አወጣው። ለገሃር ጀርባ ባለው ባዶ መንገድ ላይ ዐይኑን ወደ ግራ ጥሎ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ሞተሩ ወደ ግራ ታጠፈ። ሁለቱንም እጁን ለቀቀ። ሞተሩ ጥምዙን እየጠበቀ በእርጋታ ሄደ። ነጂብ ሞተሩን አቁሞ ገመዱን ከነጭራሹ ነቀለው።

ትርሲት ሞተሩን ያስመጣው ድርጅት ጥገና ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከነጂብና ከሙኒር ጋር አንድ ክፍል የተማረች የሰፈራቸው ልጅ ናት። ነጂብ ገመዱን ጠረጴዛዋ ላይ ሲወረውርላት ሳቀችበት።

«ይሄን ሳትሰካ ነዳህ? አቦ፣ አረጀህ በቃ!»

«ነዳሁ። ዞረም። ትርሲት፣ ይሄ ገመድ ሥራው ምንድን ነው?»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ተነስታ በሩን ዘጋች።

«መሪው እጅህ ላይ እንዲከብድህ ያደርጋል» አለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«የኔ ተበላሽቶ ነው?»

«ያንተ ደህና ነው። ሁሉም እንደዚያ ናቸው፤ ሲሠሩም እንደዚያ ነው የተሠሩት። ሞተሩ ዐይንህንና ወገብህን እያየ ወዴት እንደምትሄድ ቀድሞህ ያውቃል። ከመንገዱ ጋር ይነጋገርና ይዞራል፤ እዚያው ደግሞ እጅህ ላይ ክብደት ይጥልብሃል። ያዞርከው አንተ ይመስልሃል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን ያድርጉ? ሰው በእጄ ካልነዳሁ አለ፤ በእጁ ሲነዳ ደግሞ አለቀ። ሁለቱንም ፈለጋችሁ፣ ሁለቱንም ሰጧችሁ።»

ነጂብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ደንገጎ ላይ ማን ነው ያዞረው?»

«አንተ አይደለህም፣ ነጂቤ። ሞተሩ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ድንጋይ ተሸክሜ በሰፈሩ መሀል ስሄድ አይተሽኛል እኮ!»

«አይቼሃለሁ። ቤቴ ገብቼም አልቅሻለሁ። እንዳንናገር አስፈርመውናል፤ እንጀራዬ ነው፣ ምን ላድርግ?»

ሊሰድባት አፉን ከፈተ፤ ስድብ ግን አልመጣለትም። የመጣው ሌላ ነገር ነው። እኔ አይደለሁም! እጄ አይደለም! ትከሻው ላይ ለዓመታት የተጫነው ነገር ሲወርድ ተሰማው፤ በሙኒር ሞት እንዲህ መደሰቱ ግን አሳፈረው።

«ለምን ወደ ግራ?» አላት ቀስ ብሎ።

ትርሲት ገመዱን እጇ ላይ ትጠቀልላለች። «ወደ ቀኝ ቢዞር ምናልባት ሁለታችሁም ቆስላችሁ ትተርፉ ነበር። ምናልባት ደግሞ አንተ ትሞት ነበር። ሞተሩ ሲያሰላ ባለቤቱን ነው የሚያስቀድመው። የገዛው ሰው ነዋ!»

«ሙኒርስ?»

«ሙኒር የኋላ ሰው ነበር።»

ነጂብ ገመዱን ተቀብሏት ወጣ። ያቺን የመጨረሻዋን ነገር ሆዱ ውስጥ ቀበራት። የቀረውን ግን ይዞ በደስታ ነው ቤቱ የገባው፤ ያን ዕለት ከስንት ዓመት በኋላ እንደ ሰው ተኝቶ አደረ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ እማማ ዘይቱና ለባብሰው በራቸው ላይ ጠበቁት። ሻርፓቸውን አጥብቀዋል፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘዋል። ሞተሩን ዞረው አዩት፤ መቀመጫውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ይሄ አልጋ ነው እንጂ መቀመጫ ነው? ልታስተኛኝ ነው እንዴ?»

«ለወገብዎ ነው፣ እማማ። ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርዎ።»

ነገራቸው። ስለ ገመዱ ነገራቸው፣ እጁን ለቆ ስለ መንዳቱ ነገራቸው። «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እማማ። ያኔም እጄ ምንም አላደረገም» አለ፤ ሲናገር ፊቱ ይበራ ነበር። ያቅፉኛል ብሎ ጠብቋል። አብረን እናለቅሳለን ብሎ ነበር። እማማ ዘይቱና ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ማን ነው ታዲያ ያዞረው?»

«ሞተሩ።»

«ሞተሩ ማን ነው?»

«ማንም አይደለም፣ እማማ። ብረት ነው፤ ስሌት ነው።»

«ማንም?» አሉ። «ልጄን ማንም አልገደለውም ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

ነጂብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«መጀመሪያ ጠላሁህ» አሉ። «ጠልቼህ ነው እኮ በእግሬ የቆምኩት! አንተን ባልጠላ ኖሮ ያኔውኑ አብሬው መቃብር እገባ ነበር። ከዚያ ደግሞ አፉ ልበለው አልኩ። እንዲህ ቀላል መሰለህ? ስሰግድ ትመጣብኛለህ፣ ስበላ ትመጣብኛለህ፤ ከራሴ ጋር ተናንቄ፣ ጉበቴ እስኪቃጠል ታግዬ ነው አፉ ያልኩህ። ያ ሁሉ ለማን ነበር? ለዚህ ብረት ነው?»

«እኔ እኮ… ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።»

«አንተን ደስ ብሎሃል። አየሁት፣ ፊትህ ላይ አየሁት።» ቀና ብለው አዩት። «እሺ፣ ብረቱ ነው እንበል። ለምን የኔን ልጅ? ሁለት ነበራችሁ፤ ለምን አንተን አልጣለህም?»

መልሱን ያውቀዋል። የገዛው እሱ ነው፤ ሙኒር የኋላ ሰው ነበር። ይህን በዚህች ሴትዮ ፊት እንዴት አድርጎ ያወጣዋል? ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከታች መንገድ ላይ አንድ ሳጥን ድምፅ ሳያሰማ አለፈ።

 እማማ ዘይቱና እጁን ያዙት፤ ግራ እጁን።

«አንተ ነህ በለኝ» አሉት።

«እማማ…»

«አንተ ነህ በለኝ፣ ልጄ። ሰው ነው በለኝ። ደነገጥኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እጄ ነው በለኝ። ሰው ከሆነ እችለዋለሁ፤ ችዬም አይተኸኛል። ይሄንን ግን አልችለውም። አንተም ካልሆንክ ደግሞ ለኔ ማን ነህ? በየጁምዓው ምን ልትሠራ ትመጣለህ?»

ነጂብ ያችን በእንቅልፍ ያሳለፋትን ሌሊት አሰበ። ንጹሕ ሆኖ ያደረባት እሷ ብቻ ነበረች። ልቡ አዘነ፤ ለሙኒር ይሁን ለራሱ መለየት አቃተው። 

«እኔ ነኝ» አለ። «ደነገጥኩ፣ እማማ። እጄ ነው። ወደ ግራ ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

እማማ ዘይቱና ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «አፉ ብያለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፣ የመጀመሪያው ዕለት እንዲህ አልነበረም። ከዚያ ትከሻውን ተደግፈው ወጡና መቀመጫው ላይ ተደላደሉ። ስፖንጁ ቀስ ብሎ ወገባቸውን ተማረ። ሁለቱን እጃቸውን በነጂብ ወገብ ዙሪያ ቆለፉ።

«በል ንዳ። ቀስ እያልክ ታዲያ!»

«እሺ፣ እማማ።»

ሞተሩ ተነሳ፤ ከከተማው ወጥቶ የደንገጎን ዳገት ተያያዘው።  ነጂብ መሪውን አጥብቆ ጨብጧል፤ ጥምዝ በመጣ ቁጥር ሞተሩ ከመዞሩ በፊት ቀደም ብሎ እጁን ያዞራል፤ እማማ ዘይቱና በትከሻው በኩል አሻግረው እጁን ያዩ ነበርና።