ሁሉም ቀጥ ብሎ በቆመበት ሰዓት

ሠራተኞቹ የዜና አዘጋጁን የዊሮትን አስከሬን በጥቁር የስቱዲዮ መጋረጃ ጠቅልለው በማሰራጫ መሣሪያዎቹ ክፍል ወለል ላይ አስተኝተውታል። በሕንፃው ውስጥ ከዚያ የሚቀዘቅዝ ክፍል አልነበረም። የግቢው በር ከውጭ በሰንሰለት ስለተቆለፈ አምቡላንስ መግባት አልቻለም። ከሰንሰለቱ ወዲያ ሦስት ሺህ የሚሆን ሰው ፊሽካ እየነፋ መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ራቻኒ ከመጋረጃው ጎን ተንበረከከች። ጊዜው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሰልፈኞቹ ያስገቡት አንድ ፖሊስ ብቻ ነበር፤ ያውም ሴት፣ ያውም ያለ መሣሪያ። የሰልፉ መሪ ሰንሰለቱን ሲፈታላት ቁርጡን ነግሯታል።

«ዊሮት ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ወጥቶ እውነቱን ሊናገር ቃል ገብቶልን ነበር። ሳይናገር ገደሉት። እስከ ስድስት ሰዓት ገዳዩን አውጪልን። አለበለዚያ ገብተን እኛው እናወጣዋለን።»

እውነቱ የተባለው ነገር የሁለት ቀን ታሪክ ነው። ይህ ትንሽ የባንኮክ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰልፈኞች አውቶቡስ ሲያቃጥሉ የሚያሳይ ምስል «የዛሬ ነው» ብሎ አሳየ። ሰልፈኞቹ አላቃጠልንም አሉ። የሚሰማቸው ሲያጡ መጥተው በሩን ቆለፉት። አሥራ ሁለት ሠራተኞች ከውስጥ ቀሩ። አሁን አሥራ አንድ ናቸው።

«ማን አገኘው?» አለች ራቻኒ።

«እኔ ነኝ» አለ ቡንለርት። የሕንፃው ዘበኛ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ አጎቴ የሚለው የስልሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ። «ከኋላ ባለው የብረት ደረጃ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ጭንቅላቱ...»

«ይውሰዱኝ እስቲ።»

የብረቱ ደረጃ ከጓሮ ተነስቶ በየፎቁ እያረፈ እስከ ጣሪያው ይወጣል። ራቻኒ ሥሩ ቆማ ወደ ላይ አየች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«የወደቀው ስንት ሰዓት ነው?»

«ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። ልክ ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር።»

«በምን አወቁ?»

ቡንለርት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ሰማሁት። እንደ ሩዝ ጆንያ ዱብ ሲል።»

«እና ሮጡ?»

«መዝሙር ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር! የሰልፈኞቹ ድምፅ ማጉያ ሲጀምር በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ውጭ ያለውም ሁሉ ቆሟል። እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ መዝሙር ሲዘመር ተንቀሳቅሼ አላውቅም። ያኔውኑ ብሮጥ ይተርፍ ነበር?»

ራቻኒ ከኪሷ የሜንቶል ማሽተቻዋን አውጥታ አንዴ በአፍንጫዋ ሳበች። ሲጨንቃት የምታደርገው ነው።

«አይተርፍም ነበር» አለችው። እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም። ግን ሽማግሌው ይህንን ይዞ ቤቱ ከገባ ሁለተኛ እንቅልፍ እንደማይወስደው አወቀች።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው በሚያርፍበት ጠባብ ቦታ፣ የብረቱ መደገፊያ ላይ ግማሽ ሲጋራ ተቀምጧል። ጫፉ በጥንቃቄ ጠፍቷል።

«የሱ ነው» አለ ቡንለርት። «ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያጨሰው። ሚስቱ አቁም ስትለው አቁሜያለሁ እያለ።»

«ግማሹን ለኋላ አስቀምጦታል።»

«አዎ። ኋላ ግን አልመጣለትም።»

ራቻኒ ሲጋራውን አልነካችውም። ከዚያው ቦታ ወደ ጣሪያው የሚወጣውን አጭር መሰላል ግን ረጅም ጊዜ አየችው።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ታናኮርን ቢሮው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«ምርመራ ምን ያስፈልጋል? ልጅቷ ናት፤ ኦራታይ። በሩን ቆልፌባታለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንሰጣቸውና አሥራችን ወደየቤታችን እንሄዳለን።»

«ለማን ነው የምትሰጧት?»

ታናኮርን በመስኮቱ ወደ በሩ ጠቆመ። ራቻኒ አላየችም።

«ለምን እሷ ሆነች?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከዊሮት ጋር ሲጨቃጨቁ ሁላችንም ሰምተናል። ዜናውን ያነበበችው እሷ ናት። ይኸውና ከዊሮት ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት ጽሑፉ።»

በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። «አውቶቡሱን ያቃጠሉት እነሱ አይደሉም። ምስሉ የአራት ዓመት ምስል ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን። አምጥቶ ያታለለንን ሰው ስም አሁን እነግራችኋለሁ።» ስሙ አልተጻፈም።

«መዝሙሩ ሲዘመር እርስዎ የት ነበሩ?»

«መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከሁለት ቴክኒሻኖች ጋር። ሦስታችንም ቆመን ነበር። ሌሎቹ አምስቱ ምግብ ቤት ውስጥ አብረው ናቸው። ቡንለርትን ሰልፈኞቹ ራሳቸው በሩ ላይ አይተውታል። ፋኑዋት ጣሪያ ላይ እየቀረጸ ነበር፤ ምስሉ አለ። ብቻዋን የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

ኦራታይ በተቆለፈው የመዋቢያ ክፍል ወንበር ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ራቻኒ ስትገባ ተነስታ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ሰላም አለች።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ። ማን ጋ ልትደውዪ ነው?»

«ልጄ ጋ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ኢም ትባላለች። ጎረቤት ጋ ናት። ቻርጀሬ ከዚህ ክፍል ውጭ ነው፤ ባትሪዬ ሦስት በመቶ ስለቀረው አሁን አልደውልም። የመጨረሻውን...» አንገቷን ደፋች። «ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ።»

«ከዊሮት ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«ይቅርታውን አንቺው አንብቢ አለኝ። እምቢ አልኩት። ፊቴን ያውቁታል፤ ውሸት እንደነበር ከአፌ ቢሰሙ በሩን ሰብረው ይገባሉ ብዬ ፈራሁ። ‹ፈሪ› አለኝ። ‹አንተ ልጅ የለህም› አልኩት። የመጨረሻ ንግግራችን ይኼ ነው።»

«ያታለላችሁ ማን እንደሆነ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። እኔ የሚሰጡኝን አነባለሁ፣ እትዬ። ገደልሽው ካላችሁ ግን ለእነዚያ አትስጡኝ። እስር ቤት እገባለሁ። እስር ቤት ልጅ መጥቶ ይጠይቃል።»

ራቻኒ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ካሜራማኑ ፋኑዋት ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። የጣቢያውን ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ በምስል ማቀነባበሪያው ማሽን ፊት ተቀምጦ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ካሜራ ተሸክሞ ሰው የሚገፋ አይተው ያውቃሉ? አራት እጅ ያስፈልገኝ ነበር።»

«ሁለት እጅም ብዙ ይሠራል። አሳየኝ እስቲ።»

ምስሉ በስክሪኑ ላይ መጣ። ከጣሪያው ቁልቁል የተቀረጸ ነው፤ የዝናብ ደመና፣ ሸራዎች፣ የጭነት መኪና፣ ሕዝብ። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስቃል። ድንገት ሁሉም ቀጥ አለ። ውሃ ሊቀዳ ያጎነበሰው ተነሳ፤ ፊሽካዎች ከአፍ ወረዱ። ከሸራው ሥር እንደተቀመጠ የቀረው አንድ ሽማግሌ የቡድሃ መነኩሴ ነው። መነኩሴ ለመዝሙር አይነሳም።

«ድምፅ የለውም?»

«ማይክሮፎኑ ተበላሽቷል።»

«ሰዓትስ አይጽፍም?»

«የዚህ ካሜራ ሰዓት ድሮ ነው የሞተው። ግን ሰዓት ምን ያደርጋል? ከተማው ሁሉ እንዲህ የሚቆመው ለምን እንደሆነ እኔ ልንገርዎት?» ሳቀ።

«ድገመው።»

ደገመው። ራቻኒ በዚህኛው ጊዜ የቆሙትን አላየችም። ማሽተቻዋ አፍንጫዋ ጋ ሳይደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወደ ኪሷ መለሰችው።

«ጎበዝ ነህ» አለችው። «በደንብ ይታያል።»

ከክፍሉ ወጥታ ቡንለርትን ፈለገችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። ሽማግሌው በጥያቄው ተገርሞ መለሰላት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንዱም ስቱዲዮ ውስጥ ተሰበሰቡ። የውጭው ፊሽካ በግድግዳው አልፎ ይሰማል። ታናኮርን ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ኦራታይ ከአጎቴ ቡንለርት ጎን ተጠግታ ቆማለች።

«ከሲጋራው ልጀምር» አለች ራቻኒ። «ዊሮት እየተጨቃጨቀ አልሞተም። የሚጨቃጨቅ ሰው ሲጋራውን ይወረውራል ወይም ይዞት ይወድቃል። እሱ ግን በጥንቃቄ አጥፍቶ መደገፊያው ላይ አስቀመጠው። ለምን ይመስላችኋል?»

«መዝሙሩ» አለ ቡንለርት ቀስ ብሎ። «ሲጋራ ይዞ አይቆምም።»

«መዝሙሩ ጀመረ። ሲጋራውን አስቀመጠ፣ እጆቹን ወደ ጎኑ አድርጎ ቀጥ አለ። ሰው ቢመጣበትም አይዞርም ነበር። ያኔ ከኋላው ገፉት። ደረጃው ድምፅ የሚሰጥ ብረት ነው፤ ከታች ቢመጣ አጎት ቡንለርት ኮቴውን ይሰማ ነበር። ከሦስተኛው ፎቅም አልመጣም፤ የዚያ ፎቅ በር ተቆልፎ ቁልፉ አጎት ጋ ነበር፤ ዊሮት ራሱ የወጣው በጓሮ በኩል ነው። የቀረው ከጣሪያው የሚወርደው አጭሩ መሰላል ነው።»

ሁሉም ወደ ፋኑዋት ዞሩ።

«ጣሪያው ላይ እየቀረጽኩ ነበር!» አለ ፋኑዋት። «ምስሉን አይተዋል እኮ! ሰዉ ሁሉ ቆሟል!»

«አይቻለሁ። ክፈተው።»

በትልቁ ስክሪን ላይ ሕዝቡ ዳግመኛ ቀጥ አለ።

«የቆሙትን ተዋቸው» አለች ራቻኒ። «ሁላችንም የቆመውን ስናይ ነው የተታለልነው። የሚንቀሳቀሰውን እዩ።»

በዚያ ሁሉ ፀጥታ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይንቀሳቀሳል። የሽማግሌው መነኩሴ እጅ ነው። ከጎድጓዳው ሳህን ወደ አፉ፣ ከአፉ ወደ ሳህኑ። የሩዝ ገንፎ ይበላል።

ከቴክኒሻኖቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች።

«የቡድሃ መነኩሴ ከቀትር በኋላ እስከ ንጋት አይበላም» አለች ራቻኒ። «ይህንን የማያውቅ እዚህ የለም። አጎት ቡንለርትን ጠይቄያለሁ፤ እኚህ አባት ገንፏቸው የሚመጣላቸው በጠዋት ነው፣ ከቀትር በፊት ወደ ገዳማቸው ይመለሳሉ። መዝሙር በቀን ሁለቴ ይዘመራል፣ ፋኑዋት። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። ይህ ምስል የትናንት ጠዋት ነው። ባንዲራው ጠዋት ስለሚወጣ፣ ማታ ስለሚወርድ የሚታይበትን ቆርጠህ አወጣኸው። ሳህኑን ግን ረሳኸው።»

ፋኑዋት ምስሉን አቆመው።

«ሲጀመርም ይህንን ያደረገ ሰው ያረጀ ምስል አዲስ ነው ብሎ መስጠት የለመደ ነው። የአውቶቡሱን ምስል ያመጣኸው አንተ ነህ። ዊሮት ሊጠራው የነበረውም ያንተን ስም ነው።»

«በዚያ በር ፊት ነበር ሊጠራው!» ጮኸ ፋኑዋት። «አንድ ጊዜ ነው የተሳሳትኩት፤ ሌሎች ጣቢያዎች ሁሉ እሳት ነበራቸው፣ እኔ ባዶ እጄን መጣሁ። ለምኜዋለሁ። ከዚህ እስክንወጣ ብቻ ጠብቅ አልኩት። የት እሸሻለሁ? በየትኛው በር? መዝሙሩ ሲጀምር ጀርባው ከፊቴ ነበር...» ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ታናኮርን ትንፋሹን ለቀቀ። «በቃ። እሱን እንሰጣቸዋለን። አሥር ደቂቃ ነው የቀረው።»

ፋኑዋት የራቻኒን ጫማ ያዘ። ሌሎቹ ጠዋት ታናኮርን ኦራታይን ሊሰጥ ሲል ዝም ያሉት ሰዎች ናቸው፤ አሁንም ዝም አሉ።

«አይሆንም» አለች ኦራታይ።

«ምን?»

«ሌሊቱን ሙሉ እዚያ በር ላይ ምን እንደሚያደርጉኝ ሳስብ አደርኩ። አንድ በአንድ አስቤዋለሁ። ለማንም አልመኘውም። እሱም እናት አለችው።» ወደ ራቻኒ ዞረች። «የዊሮትን ወረቀት ስጡኝ። አነበዋለሁ።»

ሳትዋብ፣ ፀጉሯ እንደተበታተነ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። ምስሉ የአራት ዓመት መሆኑን፣ ጣቢያው መዋሸቱን፣ እሷም ያንን ውሸት ማንበቧን ተናገረች። ገዳዩ መያዙን ተናገረች። ስሙ ያለበት ቦታ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

ውጭ፣ በየእጁ ባለው ስልክ ሲያያት የነበረው ሕዝብ ፊሽካውን ቀስ በቀስ ተወ። ፀጥታው ከፊሽካው ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሰንሰለቱ ተፈታ። አሥራ አንዱም ያንኑ ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው ተሰልፈው ወጡ፤ ራቻኒ ከፊት።

«የቱ ነው?» አለ መሪው።

«ከመካከላቸው አንዱ ነው» አለችው ጮክ ብላ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ። «አሥሩ ንጹሐን ናቸው። ለመምታት እጁን ማንሳት የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ገዳዩን ለይቶ ያሳየኝ።»

ማንም አልለየም። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፤ መንገዱ የአንድ ሰው ትከሻ ያህል ጠባብ ነበር። ኦራታይ የፋኑዋትን እጅ ይዛለች። አንዲት ሴት ፊቷ ላይ ተፋችባት፤ ኦራታይ አልጠረገችውም፣ እጁንም አልለቀቀችም። መቶ እርምጃ ያህል እንዲያ ሄዱ።

ከሰልፉ ወዲያ የቆመው የፖሊስ መኪና በር ሲዘጋበት ነው የለቀቀችው። ከዚያ ምራቁን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። አንድ በመቶ።

«እማ!» አለች ኢም። «በቴሌቪዥን አየሁሽ። ለምን ፀጉርሽን አላበጠርሽም?»

«ልትቆጪኝ ነው?» አለች ኦራታይ። «መጣሁ፤ አንቺ ታበጥ...»

ስልኩ ጠፋ። ታክሲ አልጠበቀችም፤ በእግሯ መሮጥ ጀመረች።