የቡላ ዳርዳርታ

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ወደ ጓሮ ሲወጡ የቡላ ሰንሰለት ባዶውን ወድቋል። ውሻው የለም። አጥሩ ላይ ወረቀት ተሰክቷል።

«ሌባ አልወሰደውም። ዳርዳርታ አይቼበታለሁና አይፈልጉት።»

ስም የለበትም።

ልብስ ሰፊዋ ወለተኢየሱስ ወረቀቱን ይዘው ሮቤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሳጅን ኢፍቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እማማ፣ ዳርዳርታ ምንድን ነው?»

«ሰው ያሰበውን በቀጥታ ሳይናገር ዳር ዳር ሲል ነዋ። ልጅ ለመጠየቅ ሲያስብ፣ ብድር ሲፈልግ። ውሻ ምን ብሎ ዳር ዳር ይላል?»

«የሚጠረጥሩት አለ?»

«ዘይነዲን። ውሻሽ ደንበኛ አባረረብኝ እያለ ሲጮህ ነው የሚውለው።»

ባለሱቁ ዘይነዲን ሳጅኗን ሲያይ እጁን አነሳ።

«ወላሂ አልነካሁትም! መጮህ ጮኼያለሁ።»

ወረቀቱን አሳየችው።

«ይህን ቃል የሰማሁት ከጋሽ ክብሩ ብቻ ነው። አምና ላሜን አይተው ‹የመነፋት ዳርዳርታ አለባት› አሉኝ። በሽታው ሳይገባ አስቀድሞ የሚያሳየው ነገር ማለት ነው። በዚያው ቀን ባያክሟት ሞታ ነበር።»

ክብሩ የወለተኢየሱስ የጀርባ ጎረቤት ነው፤ በጡረታ የወጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ኢፍቱ ቤቱ ስትደርስ ቡላ የእንጨት ማከማቻው ውስጥ ታስሯል። ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ድምፁ ጎርንኗል።

«ለምን ሰረቁ?» አለችው ኢፍቱ።

«ትናንት በአጥር አየሁት። እንጨት ያኝካል፣ ጥላ ውስጥ ይደበቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ብነግራት አትሰጠኝም፤ በእጇ ነው የምታጎርሰው። በረጅም እንጨት አንገቱን ይዤ ወሰድኩት።»

«ታዲያ በሽታውን ለምን አልጻፉም?»

«እንዳትደነግጥ ብዬ።» አንገቱን ደፋ። «ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ነን። ከ‹ጤና ይስጥልኝ› ሌላ ተነጋግረን አናውቅም።»

«ነክሷቸው ቢሆንስ?»

ክብሩ ወደ ወለተኢየሱስ ቤት ሮጠ፤ ኢፍቱም ተከተለችው።

ወለተኢየሱስ መጀመሪያ ካዱ። ኋላ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

«እሁድ ጥርሱ ጫር አደረገኝ። ብናገር ይገድሉብኛል ብዬ ነው።»

ክብሩ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጠበላቸው። ከዚያ በሚኒባስ ጎባ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ የመጀመሪያውን መርፌ በዚያው ቀን ተወጉ።

ቡላ ሐሙስ ሞተ። ወለተኢየሱስ ሁለት ቀን አለቀሱ። ኢፍቱ በክብሩ ላይ ክስ ይመሠርቱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ገና አራት መርፌ ይቀረኛል» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሁሉንም አብሮኝ ይመላለስ። በመንገድም ዝም እንዳይል ንገሪልኝ።»