ወደ ውሃው ወረዱ

አቶ ዓብዩ የሞቱት ባሕር ዳር ነው። ጣና አጠገብ ያለችው ከተማ ሳትሆን እውነተኛው የባሕር ዳር፤ ከባርሴሎና በባቡር ሄደው በዕለቱ የሚመለሱባት አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ። ጠዋት ከልጃቸው፣ ከእህታቸው፣ ከእህታቸው ልጅና ሊያገቧት ካሰቧት ሴት ጋር እየሳቁ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አንድ ባለጀልባ ከድንጋዮቹ ማዶ፣ ከነሸሚዝ ከነሱሪያቸው ተንሳፍፈው አገኛቸው። የአገሩ ፖሊስ ጥቂት ጠያይቆ «አዳልጧቸው ነው» አለና ጉዳዩን ዘጋ። አስከሬናቸው ወደሚኖሩበት ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጥቶ ተቀበረ፤ ለቀስተኛውም ወደየሥራው ተመለሰ።

ልጃቸው ትህትና ግን ወደ ሥራዋም ወደ እንቅልፏም መመለስ አቃታት። አርባቸው ሳይደርስ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ ጸጉር ቤት በላይ ያለውን ደረጃ ወጥታ የወይዘሮ የዓለምዘርፍን በር አንኳኳች።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አዲስ አበባ ሳሉ የወንጀል መርማሪ ነበሩ። ሜሪላንድ ከገቡ በኋላም ፈቃድ አውጥተው በግላቸው ይመረምራሉ። ብዙ አይናገሩም፤ የሰውን ቃል ግን እንደ ምስር እየለቀሙ ነው የሚሰሙት።

«ገዳዩን ፈልጉልኝ ብለሽ ነው የመጣሽው?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

«አዎ። ስሂን ትመስለኛለች። አባባ ሊያገቧት የነበረችው ሴት።» ትህትና አንገቷን ደፋች። «ስሂን ካልሆነች ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛውን አስቀድሚልኝ።»

«ትሪፑን ፕላን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ባርሴሎና አርፈን በየቀኑ አንድ የባሕር ዳር ከተማ ደርሰን እንድንመለስ። ኢዚ ነው፤ ባቡሩ ባሕሩን ታኮ ነው የሚሄደው። አባባ በመስኮት ውሃውን እያዩ እንደ ልጅ ሆኑ። ምሳ ላይ ‹የአሌክሳንድሪያውን ቤት ሸጬ ከስሂን ጋር እዚህ እኖራለሁ፤ በረዶ መዛቅ በቃኝ› አሉ።»

«አንቺስ?»

«‹እንደፈለጉ ያድርጉ፤ ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም› አልኳቸው። ከዚያ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ስመለስ ሞተዋል።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «መነጽራቸው ቦርሳቸው ውስጥ ተገኘ፤ ተወልውሎ በመያዣው ውስጥ። አውልቀው አስቀምጠው ነው የሄዱት ማለት ነው። ሰው መነጽሩን አስቀምጦ ወደ ባሕር የሚሄደው ለመመለስ ሳያስብ ሲቀር አይደል? በኔ ቃል ተናደው ራሳቸውን አጥፍተው ከሆነ... እሱን ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አላጽናኗትም። «ቦርሳው የት ነበር?» አሉ።

«አሸዋው ላይ፣ ስሂን አጠገብ። እሷ ተኝታ ነበር ትላለች። ገላው ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ነበር አለ። የአክስቴ ልጅ ነው። አክስቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከላይ፣ ከደረጃው አፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ደረጃው ወደ ድንጋዮቹ ነው የሚወርደው፤ ግማሹ ፈርሷል፣ መደገፊያም የለው።»

«አባትሽ ያለ መነጽር ያያሉ?»

«የገዛ ጣታቸውን አያዩም።»

«ፖሊሱ አክስትሽን ጠይቋል?»

«ኢንግሊሽ ይሞክራል። አክስቴ በአማርኛ ሲናገሩ እኔ ነኝ ትራንስሌት ያደረግኩት። ‹ወደ ውሃው ወረዱ› አሉኝ። እኔም ‹ሂ ዌንት ዳውን ቱ ዘ ዋተር› አልኩት። ሌላ የጠየቀን ነገር የለም።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቃሉን በአማርኛው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ነገሩን የዘነጉ መስለው፣ «አንቺ እዚሁ ተወልደሽ አባትሽን አንቱ ማለቱን ከየት አመጣሽው?» ብለው ጠየቁ።

ትህትና ካለቀሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አባባ ናቸው ያስለመዱኝ። ‹አንተ› ካልኳቸው አይሰሙኝም ነበር። እስክታረም ድረስ ግድግዳውን ያያሉ።»

«ቤቱ ውስጥ አሁን ማን አለ?»

«አክስቴና ገላው። ቤዝመንቱ የነሱ ነው። አባባን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው፣ መድኃኒታቸውን የሚሰጠው ገላው ነው። እኔ ራቅ ብዬ በርክ ስለምኖር ሁልጊዜ አልመጣም።» ይህንንም ስትናገር ጥፋተኛ ነኝ የምትል ትመስል ነበር።

«እንግዲህ አብረሽኝ ትዞሪያለሽ» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቦርሳቸውን አንስተው። «አፍሽን ግን ትዘጊያለሽ።»

ስሂን የምትኖረው ዋሽንግተን፣ ፔትዎርዝ ነው። በሩን ከፍታ ትህትናን ስታይ ደነገጠች፤ ቢሆንም አስገባቻቸው። ሶፋው ላይ የአቶ ዓብዩ ባርኔጣ ተቀምጧል። ትህትና ባርኔጣውን አየችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህችን ሴት አንድም ቀን በቅንነት ሰላም ብላት አታውቅም።

«እውነት ተኝተው ነበር?» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ።

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። ዓብዩ ትንሽ ልንሸራሸር ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ድምፁን አልሰማሁም። ስነቃ ቦርሳው ስተኛ እንደነበረው ራስጌዬ አልነበረም፤ እግሬ ሥር ነው ያገኘሁት።»

«ይህን ለፖሊሱ ነገሩት?»

«ማን ጠየቀኝ? ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሁሉም እኔን ነው የሚያየኝ።» ይህን ስትል ወደ ትህትና አልዞረችም።

«አቶ ዓብዩ መነጽራቸውን ሁልጊዜ በመያዣው ነው የሚያኖሩት?»

ስሂን ሳቅ ብላ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዓብዩ? የትም ነው የሚጥለው። አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ፣ እንቁላሉ አጠገብ አግኝቼዋለሁ። መያዣ እንዳለውም ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ትህትና፣ «ልታዘናጋን ነው» አለች።

«ሊሆን ይችላል» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቀበቷቸውን እያሰሩ። «ወይም ደግሞ አባትሽን ትወዳቸው ነበር።»

አሌክሳንድሪያ ሲደርሱ የትህትናን አክስት ወይዘሮ እታለማሁን ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ወንድማቸው ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር ትይዩ ተቀምጠው አገኟቸው። ልጃቸው ገላው ውሃና ብርጭቆ አቀረበ። አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ የታመመ ሰው እንቅልፍ እንዳይረብሽ መጠንቀቅ የለመደ ዓይነት ሰው ነው።

«ዓብዩ በልጅነቱም ውሃ ይፈራ ነበር» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ ሳይጠየቁ። «ወንዝ በጀርባዬ አሻግሬው ነው ትምህርት ቤት የገባው። እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ሰው ሁሉ አንቱ ሲለው እኔ ‹አንተ ዓብዩ› ስለው ይስቅ ነበር።»

«የዚያን ዕለት ምን አዩ፣ እትዬ?»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። «ልጅቱ ነግራሽ የለም? ምን ያስደግመኛል» አሉ።

«አንተስ፣ ገላው?»

«ሱቅ ነበርኩ ብያለሁ» አለ ገላው። «ለእማዬ ሻርፕ ፈልጌ ነው። አጣሁ።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉና ዓይናቸውን አሹ። ስለ ቀብሩ፣ ስለ ተዝካሩ ድግስ ማውራት ጀመሩ። ገላው እየመለሰላቸው ሳለ መነጽሩን አነሳ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ ክፍት ከነበረው ቦርሳቸው አፍ ላይ መያዣውን ሳብ አድርጎ መነጽሩን ከተተና ወደ እሳቸው ገፋ አደረገላቸው። ወሬውንም አላቋረጠም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ።

የአርባው ዕለት ካህናቱም እንግዳውም ከተሸኙ በኋላ፣ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አራቱን ሳሎን ውስጥ አስቀመጧቸው። ስሂን ከበሩ አጠገብ፣ ወይዘሮ እታለማሁና ገላው ጎን ለጎን፣ ትህትና ብቻዋን።

«ብዙ አልቆይባችሁም» ብለው ጀመሩ። «መጀመሪያ ራሳቸውን አጠፉ የሚለውን እናንሳው። ይህች ልጅ እሱን ተሸክማ እንቅልፍ አጥታለች። አቶ ዓብዩ ያለ መነጽር ጣታቸውን አያዩም። ያንን የፈረሰ ደረጃ ወርደዋል። ስለዚህ የወረዱት መነጽራቸውን አድርገው ነው። ሲሞቱ ግን መነጽሩ አሸዋው ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ ነበር። መነጽር እግር የለውም። አብሯቸው ታች የነበረ ሰው ይዞት ወጣ።»

 ትህትና የሰማችውን በልቧ ደገመችው። አባባ ለመሞት አልሄዱም።

«እሷ ናታ ቦርሳው አጠገብ የነበረችው» አለ ገላው ወደ ስሂን በአገጩ እያመለከተ።

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን ያ ሰው መነጽሩን ባሕር ውስጥ ቢጥለው ይቀለው ነበር፤ እኔም ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር። አልጣለውም። እጁ የለመደውን አደረገ። ወለወለው፣ በመያዣው ከተተው፣ ቦርሳው ውስጥ አኖረው። ስሂን መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ የምታገኝ ሴት ናት። አቶ ዓብዩ ራሳቸው መያዣውን አይነኩትም። ሐኪም ቤት ሲወስዳቸው፣ ሲያስተኛቸው፣ ያንን መነጽር በየቀኑ እየወለወለ የሚያስቀምጥላቸው አንድ ሰው ነበር። የእኔንም ወልውሎ አስቀምጦልኛል።»

ገላው እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። «መነጽር መወልወል ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ለፍርድም አይበቃም። ሦስተኛው ነገር የሚያስፈልገኝ ለዚያ ነው።» ወደ ትህትና ዞሩ። «አክስትሽ ያሉትን ድገሚልኝ፤ በአማርኛው።»

«‹ወደ ውሃው ወረዱ።›»

«ማን?»

«አባባ ናቸዋ።»

«በአንቺ አፍ ከሆነ አዎ። አንቺ ስለ አባትሽ ስታወሪ ሄዱ፣ መጡ፣ ወረዱ ነው የምትይው፤ እንደዚያ ነው ያሳደጉሽ። አክስትሽስ? ወንድማቸውን አንድ ቀን አንቱ ብለው ያውቃሉ?»

ትህትና የአክስቷን አነጋገር አስታወሰች። ዓብዩ መጣ። ዓብዩ በላ። ዓብዩ፣ ተነሥ እንጂ። በቀብሩ ዕለት እንኳ አክስቷ ደረታቸውን እየደቁ «ጥሎኝ ሄደ» ነበር ያሉት። ስለ ወንድማቸው ብቻ ቢሆን የሚሉት «ወረደ» ነው። «ወረዱ» ካሉ ሁለት ሰው አይተዋል። ያንን ቃል ስትሰማ የታያት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ በሕይወቷ ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችው። አባቷን ብቻቸውን ወደዚያ ድንጋይ ያወረደቻቸው እሷው ራሷ ነበረች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች በሹክሹክታ።

«አይደለሽም» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።

ገላው «እማዬ» አለ።

«ተው ልጄ። አርባ ቀን አፈንኩት።» አሮጊቷ ትህትናን እንጂ ልጃቸውን አላዩም። «ሲወርዱ አየሁ፤ ገላው የዓብዩን እጅ ይዞ ነበር። ገላው ብቻውን ወጣ። ‹አጎቴ እዚያ ይቆያሉ› አለኝ። ፖሊሱ ሲጠይቀኝ ምንም ሳልጠረጥር ያየሁትን ተናገርኩ። አንቺ ስትነግሪው ‹ሂ› ስትይ ሰማሁሽ። እንግሊዝኛ ባላውቅም ‹ሂ› አንድ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ላርምሽ አልኩና የልጄን ፊት አየሁት። ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ሞቷል፤ ልጄን ልጨምር? ዝም አልኩ። አንቺ አባቴን ገደልኩ እያልሽ ስትከሺም እያየሁ ዝም አልኩ።»

ገላው መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ቤቱን አይሽጡ ብዬ ለመንኳቸው። እናቴን የት ላድርሳት አልኩ። ‹ትልቅ ሰው ነህ፣ ራስህን ቻል› አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አገልግያቸው። ትከሻቸውን ያዝኩ፤ ሊያስለቅቁኝ ሲታገሉ ገፋኋቸው። መነጽራቸው ድንጋዩ ላይ ወደቀ፣ እሳቸው ውሃው ውስጥ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። በርከክ ብል እደርስባቸው ነበር።» መዳፉን ገልብጦ አየ። «ጎንበስ ብዬ መነጽሩን አነሳሁ።»

ስሂን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትህትና ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ምን እንደምትላት ግን አላወቀችም። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአፏ የወጣው በጣም ቆይቶ ነው።

«የፖሊሱ ስልክ አለሽ?» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ።

ነበራት። ደወለች። ሰውዬው ከረጅም ጥሪ በኋላ አነሳ፤ ማን እንደሆነችም አስታወሰ። የአክስቷን ቃል ተሳስታ እንደተረጎመችና አሁን ልታርመው እንደምትፈልግ በእንግሊዝኛ ነገረችው፤ ስልኩንም ጠረጴዛው መሐል አኖረችው።

ወይዘሮ እታለማሁ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚናገሩ ቃሉን ለያይተው ተናገሩ። «ዓብዩና ገላው ወደ ውሃው ወረዱ።»

«ዘይ» አለች ትህትና። «ዘይ ዌንት ዳውን ቱ ዘ ዋተር።»

አክስቷ የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ገላው ብቻውን ወጣ።»

ፖሊሱ ይጠብቃል። ገላው ቀና ብሎ አያትና ራሱን ነቅንቆ ቀጥይ አላት።

«ሂ» አለች ትህትና፤ ትንፋሿን ሰብስባ ደገመችው። «ሂ ኬም አፕ አሎን።»