ያልተቀመሰው ጠላ

ኦቦ ቱፋ የጠላ ዋንጫውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሊመርቅ እጁን ሲዘረጋ አረፋ ደፍቆ መድረኩ ላይ ተዘረረ። ሕዝቡም «እንዴት አድርጎ ነው የሚጫወተው!» እያለ አጨበጨበ። የሁሉቃ ቲያትር ቡድን በኮሮና ምክንያት መጋረጃውን ከዘጋ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ በዚያች በግንቦት 2013 እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንበር እየዘለለ የተቀመጠው የአምቦ ሰው ቢያጨበጭብ አይፈረድበትም። ኮቱን አውልቀው፣ ተሸክመው ሲሮጡ ግን ጭብጨባው ቆመ። የቡድኑ መሪና ዋና ተዋናይ ኦቦ ቱፋ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ኢንስፔክተር ደብሪቱ መጣች። አጭር፣ መነጽሯ በጭምብሏ ትንፋሽ የሚደበዝዝባት ሴት ናት፤ ሰው ሲዋሽ ጆሮዋን ያሳክካታል ይባልላታል። ጠላው የተቀዳበትን ማሰሮ ልታይ ስታጎነብስ ወዲያው ወደ ኋላ አለች። ለስንዴ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ነበር፤ ሽታው በጭምብል ውስጥ እንኳ ዓይን ያስለቅሳል።

«ይህን ነው እስከ አተላው የጠጣው?» አለች፣ ለራሷ።

ማሰሮው ከትዕይንቱ በፊት ከመጋረጃው ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አፉ በቅጠል ተወትፎ። ወደዚያ ጠረጴዛ የደረሱት አራት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ዘበኛው ማለላት። መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጠራች።

«አዴ ጊፍቲ፣ ያጽናዎት። ጠላውን እርስዎ ነዎት የጠመቁት?»

«እኔ ነኝ። በጀሪካን አምጥቼ ማሰሮው ውስጥ ገለበጥኩት።»

«በጀሪካኑ የቀረውስ?»

ጊፍቲ በአገጯ ወደ በሩ አመለከተች። ዘበኛው የተረፈውን ጨርሶ፣ ሐዘኑን ረስቶ በለሆሳስ እያንጎራጎረ ነበር። ከጀሪካኑ የጠጣ ጤነኛ ነው፤ እንግዲህ መርዙ የገባው ማሰሮው ውስጥ ነው።

«ባለቤትዎ እንዴት አልሸተተውም?»

ጊፍቲ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ከነሐሴ ወዲህ ማሽተት አይችልም። ወጥ ሲያርር እንኳ አያውቅም። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም!»

ረዳት አዘጋጁ ዓብዲሳ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ገባ። ከቱፋ ጋር የነበረውን ጠብ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

«ስሜን ከፖስተሩ ላይ አስወጥቶታል» አለ ሳይጠየቅ። «አልወደውም ነበር፤ ልዋሽሽ አልችልም።»

«እውነተኛ ጠላ እንዲጠጣ ያዘዘው ማን ነው?»

«ራሱ ነዋ! መድረክ ላይ ማስመሰል ነውር ነው ይል ነበር። ወጥ ካለ ይበላል፣ ጠላ ካለ እስከ አተላው ይጠጣል። ከመድረክ ሲወርድ ግን ማስመሰል የሚያህለው አልነበረም።» ወደ ማሰሮው አየና ፊቱን አጨማደደ። «ግን ይህን ያደረገ ሞኝ ነው። ይህን የመሰለ ሽታ? እኔ ብሆን የማይሸት እፈልግ ነበር።»

ደብሪቱ ፈገግ አለች። ጆሮዋን አላሳከካትም።

ጠላውን የቀዳችው ወጣቷ ተዋናይ ሴና እያለቀሰች መጣች። የለበሰችው ጥለቱ ቀይ የሆነ ቀሚስ ነው፤ ጭምብሏም ከዚያው ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ዙሪያውን በቀይ ክር በእጅ ተጠልፏል።

«ድሮ ከመቅዳቴ በፊት በመዳፌ አፍስሼ እቀምስ ነበር» አለች። «ወጋችን ነው፤ ቀጂ ሳትቀምስ እንግዳ አይጠጣም። ዛሬ ጠዋት ግን ኦቦ ቱፋ ‹ጭምብልሽን እንዳታወልቂ፤ መቅመሱ ይቅር› አለኝ። ያ ዋቃ! ብቀምስ ኖሮ እኔም . . .»

«ሲቀዳ አልሸተተሽም?»

«ሸቶኛል። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተር ተነስቶ ነበር፤ የነዳጁ ነው ብዬ።»

«ጭምብልሽ ያምራል። ማን ሠራልሽ?»

«እትዬ እታገኝ ናት። ዛሬ ስንደርስ ሰጠችኝ።»

እታገኝ የቡድኑን አልባሳትና ቁሳቁስ አሥራ ስምንት ዓመት የያዘች ሴት ናት። ባሏ ወሰኑ የቡድኑ ተዋናይ ነበር፤ በመስከረም በኮሮና ሞቷል። ጥቁር ለብሳ ልብስ ታጣጥፋለች።

«የወሰኑን ነፍስ ይማር» አለች ደብሪቱ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል።

«አሜን።»

«ሴና መቅመሷ እንደቀረ መቼ ሰማሽ?»

«እንደ ሰው ሁሉ፣ ዛሬ ጠዋት። ቱፋ ሲናገር።»

ደብሪቱ ጆሮዋን አከከች። የተሰቀሉትን ልብሶች አንድ በአንድ አሸተተች፤ ሁሉም ሳሙና ሳሙና ይላሉ። መጨረሻ መድረኩ ላይ የቀረውን የሟቹን ኮት አንስታ አፍንጫዋን አስጠጋችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱንም መድረኩ ላይ አስቀመጠቻቸው። በሩ ክፍት ነበር፤ አልበተንም ያለው ተመልካችም ደጁን ሞልቶት ነበር።

«ነገሩ ከሽታው ይጀምራል» አለች። «ይህን መርዝ ጤነኛ አፍንጫ ያለው ሰው ከንፈሩ ጋ አያደርሰውም። ያዘጋጀው ሰው ኦቦ ቱፋ እንደማይሸተው ያውቅ ነበር። ዓብዲሳ አያውቅም፤ ገዳዩን ሞኝ ነው ያለው ለዚህ ነው።»

ዓብዲሳ ትንፋሹን ለቀቀ።

«አዴ ጊፍቲ ግን ያውቃሉ። ታዲያ እርስዎ በየቀኑ የሚያበሉት ሰው ነው፤ ራስዎ የጠመቁትን ጠላ በከተማው ፊት ለምን ይመርዛሉ? ሴናስ? ሴና ብትሆን መቅመሱን ማስቀረት ባላስፈለጋት። መዳፏን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ የቀመሰች መምሰል ትችላለች፤ ሥራዋ እኮ ነው! መቅመሱን ያስቀረው ሴና እንድትሞት ያልፈለገ ሰው ነው።»

«ያስቀረው እኮ ቱፋ ነው» አለ ዓብዲሳ።

«የተናገረው ቱፋ ነው። ያሳመነውስ? ይህን ጭምብል እዩት። ጥልፉ የእጅ ነው፤ ሲያንስ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ጭምብል አድርጎ መቅመስ አይቻልም። እታገኝ፣ መቅመሱ መቅረቱን ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት ብለሽኛል። ታዲያ ከሦስት ቀን በፊት ለመድረክ የሚሆን ጭምብል ለምን ትጠልፊያለሽ?»

እታገኝ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች።

«ሁሉንም ልብስ አጥበሻል። የዋናውን ተዋናይ ኮት ግን ከነአይጥ ሽንቱ አልብሰሽዋል። አንቺን የመሰለች ሴት ይህን አትረሳም። እየፈተንሽው ነበር።»

እታገኝ ያጣጠፈችውን ጨርቅ አስቀመጠችና ቀና አለች።

«ሳጥኑን ስንከፍት ኮቱ ይገማ ነበር። ልጠበው ስል ነጥቆ ለበሰና ‹እንዴት ያምራል› አለኝ። ያኔ ደርቄ ቀረሁ። ወሰኑም መጀመሪያ የጠፋበት ማሽተት ነበር። በነሐሴ ቲያትሩ እንዳይረሳን ብሎ በድብቅ ለልምምድ ሲጠራን ቱፋ ያስል ነበር፤ ‹አቧራ ነው› አለን። ሦስት ሳምንት ኮቱን ሳላጥብ አለበስኩት፤ አንድ ቀን አልሸተተውም። እንግዲያው በሽታውን ያመጣብን እሱ ነበር፤ ያውቅም ነበር!»

«ብትከስሺው አይሻልም ነበር?» አለ ዓብዲሳ።

«በምን? በሳል? ወሰኑ አሥራ አንድ ቀን አየር አየር ሲል ቆይቶ ሞተ። ከተማው ደግሞ ‹ኮሮናን ቡድኑ ውስጥ ያስገባው ወሰኑ ነው› አለ። ቱፋ እየሰማ ዝም አለ። ስድስት ሰው ቀበረው። ለቅሶ የደረሰኝ የለም፤ በሬን እያዩ መንገድ ይሻገሩ ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ‹የበሽተኛው ልጅ› ተባለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«አትጸጸቺም?» አለቻት ደብሪቱ።

«እጸጸታለሁ። አፉን ከፍቶ ሳይናገር መሞቱ ያንገበግበኛል። የወሰኑን ስም ይዞት ሄደ።»

ያን ጊዜ ጊፍቲ ተነሳች። ደጅ ወደቆመው ሕዝብ ዞራ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ «ቱፋ ነው» አለች። «መጀመሪያ የታመመው ቱፋ ነው። ተመርምሮ አውቋል። ወሰኑ በሽታውን የወሰደው ከእሱ ነው፤ እኔም አውቄ ዝም አልኩ።»

ሴና ፊቷን ሸፈነች። ጊፍቲ ወደ እታገኝ ተጠጋችና «ማሎ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት።

«አልልም» አለች እታገኝ። «ስሙ ተመልሷል፤ ይበቃኛል። ይቅርታውን ግን እዚያው እባልሽ ዘንድ ውሰጂው።»

ደብሪቱ ካቴናውን አወጣች። እታገኝ ሁለት እጇን ራሷ ዘረጋችላትና ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«አንቺም አልመጣሽም፣ ደብሪቱ። አንድ እድር ነን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ወሰኑ በሞተ ማግስት፣ በደጄ ስታልፊ በመስኮት አይቼሻለሁ፤ እርምጃሽን አፈጠንሽ።»

ደብሪቱ ካቴናውን ቆለፈች። እውነት ነበር።