ቆማ የሮጠችው መኪና

እኔ እንኳን ጠንቋይ ዘንድ ልሄድ፣ ሕልሜንም ለሰው ነግሬ አስፈትቼ አላውቅም፣ ውቃቢ ቀረበ ዛር ወረደ ሲሉ ስቄ የማልፍ ሴት ነኝ፣ ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈምና አሳምሬ አልነግራችሁም፣ ያየሁትን ብቻ ነው።

ልጄ ስመኝ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበረች፣ የመመረቂያ ሥራዋ የምትሮጥ መኪናን ነፋስ የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚጫናት መለካት ነው። የወንድሜን አሮጌ መኪና ለአንድ ቀን ተዋሰች፣ ከፋርማሲ የጉሉኮስ ቱቦ ገዝታ ኮፈኑንም ጣራውንም በሮቹንም በፕላስተር ለጠፈችበት፣ ቱቦዎቹ መኪናዋ ውስጥ ካለች ትንሽ ሳጥን ይገባሉ፣ ሳጥኗ የነፋሱን ግፊት ለኮምፒውተሩ ትነግራለች፣ እሱ መስመር ይሥላል፣ መኪናዋ ስትፈጥን መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ስትቆም ይተኛል። ይኸው ነው፣ እኔም ገብቶኛል።

"ብቻሽን አትከንፊም" ብዬ ኋላ ወንበር ላይ ኮምፒውተሩን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ከከተማ ወጥተን ዘንዘልማ ስንደርስ አንድ ባለባጃጅ ቱቦውን አይቶ "እናት፣ ሕመምተኛዋን ምን ነካት?" አለኝ፣ "ያንተን ጡሩምባ ሰምታ ራሷን አሟት ነው" አልሁት፣ ስመኝ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

ቀጥ ካለው መንገድ ጫፍ ቆመን ሞተሩን አጠፋች። ነፋስ የሚባል የለም፣ ከሩቅ የሚታየው ሐይቅ እንደ ዘይት ረግቷል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። እመኑኝ፣ በዚህ መኻል ቱቦዎቹ ማፏጨት ጀመሩ፣ ሕፃን የጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲል እንደሚሰማው ያለ ቀጭን ፉጨት። መስመሩን ባየው ይወጣል።

"ስመኝ፣ ቆመናል አይደል?"

"ቆመናል እማ።"

"ታዲያ ይቺ የት እየሄደች ነው?"

ዞራ አየች። "ይሄ በሰማንያ ስንነዳ የሚመጣ ግፊት ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ወዲያው መስመሩ ገደል እንደገባ ቁልቁል ተወረወረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በስመ አብ አልሁ፣ ልጄ የምትጋጭበትን ያየሁ መስሎኛል።

"ሳጥኗን ፀሐይ መትቷት ይሆናል" አለች፣ "መኪናዋ ማታ ትመለሳለች፣ ዛሬ ካልለካሁ አልመረቅም።"

"ከምትሞቺ አትመረቂ።"

ተከራክረን ተከራክረን ተስማማን፣ ያንን መስመር በቀይ አስቀመጠችልኝ፣ አዲሱ በሰማያዊ ከላዩ ይሣላል፣ ገደሉ አፍ ሲደርስ ቁሚ እላታለሁ። ነዳች። ሰማያዊው ቀዩን ረግጦ፣ እንደ ድርብ ስፌት አንዲት ጭረት ሳይስት ወጣ። ገደሉ አፍ ላይ "ቁሚ" አልሁ፣ ፍሬኑን ያዘች፣ ሰማያዊውም በቀዩ ላይ ተወረወረ።

መንገዱ ላይ ፍየል እንኳ የለም። "እማ፣ ገደሉን የቆፈርሽው ራስሽ ነሽ" ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ዓሣ ጥብስ በልተን ገባን፣ ደስ ብሎናል፣ ኋላም በማዕረግ ተመረቀች።

ቀዩ መስመር ግን እዚያ አያበቃም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ተሥሎ ኖሯል፣ ከገደሉ ተነሥቶ ከሰማንያው በላይ ይወጣል፣ ረጅም ይሄዳል፣ ያንን እስከ ዛሬ አልነዳነውም። አሁን ሥራ ይዛ የራሷን መኪና ገዝታለች፣ እኔ ኋላ እቀመጣለሁ፣ ፍጥነቱ ሲያይል "ስመኝ" ብቻ እላታለሁ፣ በሁሉ የምትከራከረኝ ልጅ ያን ጊዜ እግሯን ከነዳጁ ላይ ታነሣለች።